የኮልፌው የድንጋጤ ቤት የመጨረሻ ክፍል

ይህን የምጽፈው ደጀን ለቀሩት የሥራ ባልደረቦቼ ነው። ሄደው የማያዩትን ነገር አይቼ እንድነግራቸው ልከውኝ ነበር፤ ከተመለስኩ በኋላ በአፌ ልነግራቸው ስሞክር ግን ሁለት ጊዜ መሃል ላይ አቆምኩ። ስለዚህ ከመነሻዬ ጀምሬ ቀን በቀን አስቀምጠዋለሁ።

ነገሩን ያመጣብን እህል የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ኮልፌ ውስጥ አንድ ቀበሌ በየዓመቱ በነሐሴ ማብቂያ፣ ለመዋዕለ ሕፃናቱ ማሠሪያ፣ ባዛር ያዘጋጃል። በባዛሩ ላይ አንድ አናጢ የቀበሌውን መጋዘን በኮምፔርሳቶና በሸራ እየከፋፈለ ሰው በጨለማ እየተደናበረ የሚያልፍበት ቤት ይሠራል። «የድንጋጤ ቤት» ይሉታል። ሾፌሩ ሦስቱን ክፍሎች አንድ በአንድ ተረከልን። አራተኛው ላይ ሲደርስ ግን «ከዚያ ወጣሁ» አለና ሻዩን ጠጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የመምህራን ማረፊያ ክፍላችን ሌላ ወሬ አልነበረውም። የስፖርቱ መምህር ዘላለም «የሰው አጽም ነው» አለ። የአማርኛ መምህርቷ ትርንጎ አልተቀበለችውም፤ «አጽም ያየ ሰው ያወራል እንጂ ዝም አይልም። መስታወት ነው፤ ሰው በጨለማ ድንገት ራሱን ሲያይ ነው የሚያፍረው» አለች። ዘበኛችን የታሰረ ጅብ ነው ብሎ ድርቅ አለ። እኔ የሳይንስ መምህር ስለሆንኩ ነገሩ ሁሉ ኤሌክትሪክ ነው አልኩ። ክርክሩ ወራት ፈጀ። የትምህርት ማስረጃዬን አዲስ አበባ ሄጄ እንዳቀርብ ደብዳቤ ሲመጣልኝ ከእኔ ይልቅ እነሱ ተደሰቱ። ዳይሬክተራችን «እህቴ እዚያው ኮልፌ ነች፣ እሷ ዘንድ ታርፋለህ» አሉኝ።

የመጀመሪያው ቀን

ከደብረ ማርቆስ የሚመጣው አውቶቡስ ደጀን ሲደርስ ሞልቶ ስለነበር ሞተሩ አጠገብ፣ በጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። የዓባይን በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ መስኮቱን ሁሉ አስከፈተ። ድልድዩ ጋ ወታደሮች አስወርደው ወረቀታችንን አዩ። የኔ የይለፍ ወረቀት «ማስረጃ ለማቅረብ» ይላል። ወታደሩ «የምን ማስረጃ?» ሲለኝ «የትምህርት» አልኩ። ሌላው ምክንያቴ እዚያ ቦታ ላይ የሚነገር አልነበረም።

ጎሃ ጽዮን ምሳ በላን። ሽሮው ከደጀኑ ቀጠን ያለ ነው፤ እንጀራው ግን ይበልጣል፣ ይህን ትርንጎ ትቀየመኛለች እንጂ አልደብቅም። ጫንጮ አካባቢ ጎማችን ተነፈሰ። ሜዳው ሁሉ ውሃ ቆሞበታል፤ ነፋሱ የበረሃውን ሙቀት ከአጥንታችን አወጣው። ከመንገዱ ዳር ያለ አንድ ባላገር በኦሮምኛ እየተጣራ ወደ ቤቱ አስገባን። ሃያ የምንሆን ሰዎች እሳቱን ከበን ቆምን፤ ባለቤቱ ቦታ ለመልቀቅ ብሎ የራሱን ጥጃዎች ወደ ዝናቡ አወጣ። ሾፌሩ ሲጠራን ስሙን ሳልጠይቀው ወጣሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አውቶቡስ ተራ ወርጄ ውይይት የሚሏት ታክሲ ላይ ተሳፈርኩ። ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተያይቶ ስለሚቀመጥ ነው ስሟ የወጣላት፤ እስከ ኮልፌ ግን ማንም ማንንም አላናገረም። እኛ አገር እንዲህ ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመው ዝም ቢሉ ተጣልተዋል ይባላል።

ከፌርማታው ወደ ውስጥ ስገባ ጭቃው የግራ ጫማዬን ሶል ከነምስማሩ ይዞ ቀረ። የዳይሬክተሩ እህት፣ ወይዘሮ የሺመቤት፣ በአንድ እግር ካልሲ በራቸው ላይ ቆሜ አገኙኝ። አርባ ዓመት ያለፋቸው፣ በቤታቸው ባለ ማሽን ሹራብ እየሠሩ የሚተዳደሩ ሴት ናቸው። ሞቅ ያለ ውሃ አቀረቡልኝና ከአልጋ ሥር ካርቶን ጎትተው በጋዜጣ የተጠቀለለ ጥቁር ጫማ አወጡ።

«የልጄ የሂሩት አባት ጫማ ነው። ሰው ሳያደርገው ቆዳው ሊሰነጠቅ ነው፤ አድርገው» አሉኝ።

ልኬ ነበር። ባለቤቱ የት እንዳሉ አልጠየቅኩም፤ በዚያ ዘመን ሰው ብዙ ነገር አይጠይቅም። ወይዘሮ የሺመቤት አንድ ነገር ብቻ አሳሰቡኝ፦ «ስትመጣ በሩን አታንኳኳ። ስምህን ጥራ። ማሽኑ ሲሠራ ማንኳኳት አይሰማኝም።»

ሁለተኛው ቀን

መሥሪያ ቤቱ ነገ ተመለስ አለኝ። ኮልፌ ስመለስ ዝናቡ አባርቶ ስለነበር የወይዘሮ የሺመቤት ልጅ ሂሩት ሠፈሩን ልታሳየኝ ይዛኝ ወጣች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እናቷ ያለቻቸው እሷ ብቻ ናት። ደጀን ዙሪያ ወፍጮ ቤትና አናጢ ቤት በሁለት ሰዓት መንገድ ይራራቃሉ፤ እዚህ ሸማኔው፣ ብየዳው፣ ፍራሽ ሰፊው በአንድ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ጎን ለጎን ይጮሃሉ። መጋዘኑ ጋ ስንደርስ ሂሩት ቆመች፤ ከእጅ ቦርሳዋም ደብተር አወጣች።

«ጋሼ፣ ደጀንም ስለዚህ ቤት ያወራሉ ብለውኛል አይደል? ይሄንን ይዩ።»

ደብተሩ ውስጥ ያለፉት ሦስት ዓመታት የድንጋጤ ቤት ካርታ ተስሏል፤ መታጠፊያው፣ የክፍሉ ስፋት፣ የቱ ጋ ማን እንደጮኸ ሳይቀር። ገብተው ከወጡ ጓደኞቿ እየጠየቀች ነው የሠራችው። አናጢው ዘንድሮ ያስገባውንም ዕቃ ሁሉ እሷና ጓደኞቿ ከአጥር ጀርባ ሆነው መዝግበዋል፦ አሮጌ ጎማዎች፣ ያልተለፋ የበግ ቆዳ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የቆርቆሮ በር ከነመወርወሪያው። ስለ በሩ ብቻ ሦስት ግምት አለ። አንዱ ጓደኛዋ አውሬ ተስሎበታል ይላል። ሌላዋ ከላይ የሚወድቅ ነው ትላለች። ሂሩት ራሷ ከበሩ ኋላ ሁለተኛ መጋዘን አለ፣ መንገዱ ከመሬት በታች ይቀጥላል ብላ ታምናለች። ለመጨረሻው ክፍል የተተወው ገጽ ግን ባዶ ነው።

«የገቡት ጓደኞችሽ አይነግሩሽም?»

«ልጆቹ ደንግጠው በጎን በር ይወጣሉ፤ እዚያ አይደርሱም። የደረሱት ትልልቆቹ ናቸው። እስቲ እርስዎ ይጠይቋቸው።»

ጠየቅኩ። ፍራሽ ሰፊው «ምንም የለም» አለኝ። ባለሱቋ «ምንም የለም» አለችኝ። ሁለቱም ይህን ሲሉ ዓይናቸውን ወደ ሥራቸው መለሱ።

«እናቴም በመጀመሪያው ዓመት ገብታለች» አለች ሂሩት ስንመለስ። «እሷም ምንም የለም ነው የምትለው። ምንም ከሌለ ለምን እኔን ትከለክለኛለች?»

ሦስተኛው ቀን

ቁርስ ላይ ደፈር ብዬ ጠየቅኩ። «እትዬ የሺመቤት፣ ነገ ባዛሩ ሲከፈት ሂሩትን ይዣት ብገባስ?»

ሻዩን ሲቀዱ ብርጭቆዬ ሞልቶ ፈሰሰ።

«አንተ ግባ፣ እንግዳ ነህ። እሷን ግን እንዳታስገባት። ቃል ግባልኝ።»

«እሺ» አልኩ። ሂሩት ከጓዳ ትሰማ ነበር።

መሥሪያ ቤቱ በዚያ ቀን ማስረጃዬን ተቀበለኝ። ከሰዓት በኋላ አናጢውን ፍለጋ ሄድኩ። ጋሽ ወርቁ ይባላሉ፤ ከሲታ፣ ጆሯቸው ላይ እርሳስ የሚሰኩ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ከሥራቸው ላይ ሳይነሱ ርጥብ ያልሆነ ጣውላ መርጠው አስቀመጡኝ። ከደጀን መምጣቴንና እዚያ ያለውን ክርክር ስነግራቸው ጅቡ ጋ ስደርስ ሳቁ።

«ቀበሌው መጀመሪያ "ጨለማ ቤት" እንበለው ብሎ ነበር። እኔ እምቢ አልኩ» አሉኝ።

«ለምን?»

«እኔ ጨለማ ቤት ታስሬ ነበራ። እንደሱ አይደለም።»

ቀጥዬ የመጨረሻውን ክፍል ጠየቅኳቸው። መላጊያቸውን ሁለት ጊዜ ገፉ።

«ሦስቱን ክፍል ነው የሠራሁት፤ አራተኛው ብዙ ሥራ የለውም። ግባና እየው። ብቻህን ግን አይገባም፤ ሁለት ሁለት እየሆኑ ነው።»

አራተኛው ቀን

ባዛሩ ውስጥ የሹራብ፣ የሸክላና የጥልፍ ዳስ ነበር፤ ሰልፉ ግን በሙሉ መጋዘኑ ጋ ነው። አብሮኝ የሚገባ ሰው አጥቼ ቆሜ ሳለሁ ሂሩት ከጎኔ መጣች።

«እናትሽ ታውቃለች?»

«አታውቅም። ጋሼ፣ ሦስት ዓመት ከዚህ በር ነው የተመለስኩት። ካርታውን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

እዚህ ላይ ራሴን አላሳምርም። ላባርራት ይገባኝ ነበር። ነገር ግን ብቻዬን አያስገቡኝም፤ ሳላይ መመለስም አልፈለግኩም። ማረፊያ ክፍላችን ውስጥ «አልገባሁም» ስል የሚሳቀው ሳቅ ታየኝ። ለእናትየዋ እሺ ካልኩ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው። የአባቷን ጫማ አድርጌ ይዣት ገባሁ።

በመጀመሪያው ክፍል ርጥብ የበግ ቆዳ ከጣሪያው ተንጠልጥሎ ፊታችንን ዳሰሰን። በሁለተኛው ወለሉ በጎማ ላይ የቆመ ስለሆነ ከእግራችን ሥር ይሸሻል። በሦስተኛው አምፖል ድንገት ቦግ ብሎ ጭንብሎች ያሳያል፣ መልሶ ይጠፋል። ሂሩት በሳቅ ሞተች። «እዚህ ጋ ግራ ነው ብዬ ነበር፣ አላልኩም?» እያለች እጄን ትጎትታለች። እኔም ሳቅሁ፤ ከልጅነቴ ወዲህ እንደዚያ የሳቅሁ አይመስለኝም።

ከዚያ ወፍራም መጋረጃ አለፍን። ምንም አይታይም፣ ምንም አይሰማም። በእጄ ስዳብስ ጠረጴዛና የአልጋ ጠርዝ አገኘሁ። የሰው ቤት ነው፤ ተራ የሰው ቤት። ሂሩት «ይሄ ነው?» ብላ ልትስቅ ጀመረች።

የቆርቆሮ በር ሦስት ጊዜ ተንኳኳ።

«ቤቶች፣ እንደምን አላችሁ? ክፈቱልን፣ ሰላም ነው» አለ ከውጭ ያለ የወንድ ድምፅ። ረጋ ያለ፣ ጨዋ ድምፅ ነው።

እኔ ያን ጊዜ የመጣብኝን ለራሴ ልተወው። ሂሩት እጄን ለቀቀች። ስፈልጋት አጠገቤ የለችም፤ ጎንበስ ስል ጠረጴዛው ሥር ኩርምት ብላለች። በሩ እንደገና ተንኳኳ። ያን ጊዜ ሂሩት በማላውቀው ቀጭን ድምፅ፣ በሕፃን ድምፅ፣ ተናገረች።

«እማዬ፣ ልክፈት?»

አቅፌ አነሳኋትና ግድግዳውን እየዳበስኩ በጎኑ በር አወጣኋት። ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «አባዬን ሲወስዱት ተኝቼ ነበር ነው የሚሉኝ» አለች። «አልተኛሁም። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

ቤት ስንደርስ እንደታዘዝኩት ስሜን ጠራሁ። ለምን አታንኳኳ እንደተባልኩ የገባኝ እዚያ ቆሜ ነው። ወይዘሮ የሺመቤት ከፈቱ፤ መጀመሪያ የልጃቸውን ፊት፣ ቀጥሎ እግሬን አዩ። ሂሩትን ይዘው ገቡ። እኔ ግቢው ውስጥ፣ ጣሪያው የሚያንጠባጥብበት ጥግ ቆሜ ቀረሁ። ዳይሬክተራችን ምን ይሉኛል ብዬ ሳይሆን የማድርበትን ሌላ ቤት እያሰብኩ ነበር። አመሻሹ ላይ ወይዘሮ የሺመቤት ወጡ።

«ቃል ሰጥተኸኝ ነበር።»

«አዎ።»

«ግባ። ብርድ ነው» አሉኝ፤ እራትም እንደወትሮው አቀረቡልኝ።

አምስተኛው ቀን

ጠዋት ዕቃዬን ሰብስቤ ልወጣ ስል ሂሩት «ይቀመጡ፣ የገባነው አብረን ነው» አለችኝ። እናቷ ማሽናቸው አጠገብ፣ ፊታቸውን ወደ እሷ አድርገው ተቀመጡ።

«አልከፈትሽም ብዬ አልዋሽሽም» አሉ። «ከፍተሻል። ግን መጀመሪያ "ልክፈት?" ብለሽ ጠይቀሽኛል። ድምፁ የጎረቤት ድምፅ መሰለኝ። "ክፈቺ" ያልኩሽ እኔ ነኝ።»

ሂሩት ዓይኗን ወደ በሩ መለሰች።

«ተኝተሽ ነበር ያልኩሽ አንቺን ብዬ ብቻ አይደለም። አድገሽ "አንቺ ነሽ ክፈቺ ያልሽኝ" እንዳትዪኝ ፈርቼ ነው። የድንጋጤው ቤት በተሠራበት በመጀመሪያው ዓመት ገብቼ ድምፁን ስሰማ ልጄ እንደገና "ልክፈት?" የምትለኝ መሰለኝ። በጎን በር ሸሸሁ።»

የምትጮህ ወይም ጥላ የምትወጣ መስሎኝ ነበር። ሂሩት ግን ያልጠበቅነውን ጠየቀች።

«አባዬ ያን ጊዜ ምን እየሠራ ነበር?»

«ይጽፍ ነበር። የዕድሩ ጸሐፊ ስለነበር ስብሰባ ላይ ያልመጡትን ሰዎች ስም እየመዘገበ ነበር። የአንዱን የአባት ስም ጠይቆኝ ገና አልመለስኩለትም።»

«የማንን?»

«የወርቁን። የአናጢውን።»

ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ስለ አባትየው አወሩ፤ እኔ ጫማዬን ላሰፋ ብዬ ወጣሁ። ስመለስ ሁለቱም ነጠላቸውን ለብሰው በር ላይ ናቸው። ባዛሩ የሚዘጋበት ቀን ነበር።

እነሱ በፊት ለፊት ሲገቡ እኔ ዞሬ ወደ መውጫው ሄድኩ። የቆርቆሮው በር ከውጭ በኩል በጠራራ ፀሐይ ቆሟል፤ የሚያንኳኩት ጋሽ ወርቁ ራሳቸው ናቸው። ማን እንደገባ ነገርኳቸው። መዳፋቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ።

«እኔን የወሰዱኝ እንዲህ አንኳኩተው ነው» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከወጣሁ በኋላ በር ሲንኳኳ መቀመጥ አልቻልኩም። ተንኳኩቶ፣ ተከፍቶ፣ ከኋላው ማንም የሌለበት በር አንድ ጊዜ እንኳ ማየት ፈለግኩ። ስላላገኘሁ ሠራሁት። ካንኳኳሁ በኋላ ዞር እላለሁ፤ የከፈተ ሰው የሚያየው ፀሐይ ብቻ ነው።»

«ሰዎቹ ለምን አያወሩም?»

«ምን ብለው ያውሩ? ማንስ ፊት?»

«የቀበሌው ሊቀመንበርስ ገብተዋል?»

«ገብቷል። በጎን በር ነው የወጣው።»

ጊዜው ሲደርስ አንኳኩ። «ቤቶች፣ እንደምን አላችሁ?» አሉ። መልስ የለም። እንደገና አንኳኩ። ለሦስተኛው እጃቸውን አነሱና መልሰው አወረዱት። ዞር ብለው ከግድግዳው ተጠጉ። ሰልፈኛው ማጉረምረም ጀመረ፤ እኔ በጎን በኩል ወጥተው ይሆን ብዬ ዞሬ አየሁ። ማንም የለም።

ከዚያ መወርወሪያው ሲንቀሳቀስ ሰማን፤ በሩ ተከፈተ።

ወይዘሮ የሺመቤት የሂሩትን እጅ ይዘው ወጡ። ፀሐይዋ ዓይናቸውን አስጨፈነቻቸው። ቀኝና ግራቸውን አዩ፤ ከበሩ ፊት ማንም አልነበረም። ጋሽ ወርቁን ያዩዋቸው ቆይተው ነው። ወይዘሮ የሺመቤት በሩን ገፋ መለስ አደረጉት።

«ወርቁ፣ ማጠፊያው ይጮሃል። ዘይት አድርግበት።»

«እሺ፣ የሺ» አሉ ጋሽ ወርቁ።

ስድስተኛው ቀን

ጫማውን ጠርጌ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ መለስኩ። ሂሩት ወስዳ ካርቶኑ ውስጥ ሳታስገባው በር አጠገብ አስቀመጠችው። እናትና ልጅ እስከ አውቶቡስ ተራ ሸኙኝ። ወይዘሮ የሺመቤት ስንቅ የሚሆን ዳቦና ራሳቸው የሠሩትን ግራጫ ሹራብ ሰጡኝ፤ የደጀን ብርድ የአዲስ አበባን ያህል እንዳልሆነ ብነግራቸውም «ሱሉልታን እስክታልፍ» አሉኝ።

አውቶቡሱ ሞተሩን ሲያስነሳ ሂሩት ውሃ ልትገዛልኝ ሄደች። ወይዘሮ የሺመቤት መስኮቱ ሥር ቀረቡ።

«መምህር፣ መጨረሻው ደህና ስለሆነ ያደረግኸው ልክ ነው ማለት አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

«እዚያው ጠረጴዛ ሥር ቀርታ ቢሆንስ? ከዚያ በኋላ ባታናግረኝስ?»

እጃቸውን መስኮቱ ጠርዝ ላይ አሳረፉ።

«ከልቤ እስካወጣው ጊዜ ይፈጃል» አሉ። «እስከዚያ ግን አዲስ አበባ ስትመጣ ሌላ ቤት እንዳታርፍ።»

ሂሩት ውሃውን አቀበለችኝ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ እጇን አወዛወዘች፤ እናቷ አላወዛወዙም። ነገር ግን ዞር ብዬ ሳይ፣ ሌሎች ሸኚዎች ሁሉ ከተበተኑ በኋላ፣ እሳቸው እዚያው ቆመው ነበር።